የቤተሰብ አባል ለምን «ሦስተኛ ወገን» አይሆንም?

የመኪና አደጋና የካሣ ነገር በተነሣ ቁጥር በብዙዎቻችን ኅሊና ውስጥ የሚመላለሰው ሥዕል አንድ ነው። መኪና አለ፤ ባለመኪና አለ፤ መንገድ ዳር የቆመ፣ ስሙ የማይታወቅ እግረኛ አለ። መድን የሚገባውም ለዚህ ለማይታወቀው እግረኛ ነው ተብሎ ይታመናል። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም። የጎደሉት የባለመኪናው ሚስት፣ ልጆቹ፣ ወላጆቹና በአንድ ጣራ ሥር አብረውት የሚኖሩት ወገኖቹ ናቸው። እነርሱስ በዚያው መኪና ቢጎዱ ካሣቸው ከየት ይመጣል? በብዙ የሞተር መድን ውሎች መሠረት መልሱ አጭር ነው፤ ከየትም አይመጣም።

ጉዳዩን ከወረቀት ይልቅ ከነባራዊው ኑሮ ብንጀምረው ይሻላል። እንበል፣ በመሐል ሜዳ ከተማ በአንድ ግቢ ደጃፍ ላይ አንድ አይሱዙ ገብስ አራግፎ ወደ ኋላ ሲመለስ ሁለት ሕፃናትን ገጨ። አንደኛዋ የባለመኪናው ልጅ ናት፤ ሁለተኛዋ የጎረቤቱ። ሁለቱም አንድ ቦታ ቆመው ይጫወቱ ነበር፤ የሁለቱም እግር ተሰበረ፤ ሁለቱም በአንድ ቃሬዛ ላይ ተሸክመው ወደ አንድ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ የትራፊክ ፖሊሱም ሁለቱን በአንድ ገጽ መዘገባቸው። እስከዚህ ድረስ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከመድን ድርጅቱ መስኮት ፊት ነው። የጎረቤቲቱ ልጅ ፋይል ይከፈታል። የባለመኪናው ልጅ ፋይል ግን «የመድን ገቢው የቤተሰብ አባል» በሚሉ ጥቂት ቃላት ሳይከፈት ይዘጋል። አረቦኑን ዓመት ጠብቆ፣ ከእህሉና ከበጉ ሽያጭ ቀንሶ የከፈለው አባት ለጎረቤቱ ልጅ ዋስትና ገዝቶ ለራሱ ልጅ ሳይገዛ መቅረቱን የሚያውቀው ያን ቀን ነው።

ይህ አንቀጽ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንደሚታወቀው የዘመናዊ መድን ሥራ ወደ አገራችን የገባው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር መድን ሰጪዎች ወኪል በሆነበት ጊዜ ነበር። ከሥራው ጋር የውል ናሙናዎቹም አብረው ገቡ። የሞተር መድን ውሎች በተለይ ከእንግሊዝ ናሙና ብዙ ወስደዋል። በእነዚያ ናሙናዎች ውስጥ «የመድን ገቢው ቤተሰብ አባል የሆነ ሰው ንብረት» ከዋስትናው ውጭ ነው የሚል የተለመደ አንቀጽ አለ፤ በብዙዎቹ ደግሞ ከንብረቱ አልፎ የሰውየውን አካልና ሕይወት ጭምር ያገላሉ።

የአንቀጹን ሥር ስንቆፍር ደግሞ ከንግድ ስሌት በፊት የነበረ ያረጀ የሕግ እምነት እናገኛለን። በእንግሊዝ አገር ባልና ሚስት በሕግ ፊት አንድ ሰው ናቸው ተብሎ ለረጅም ዘመን ይታመን ነበር። አንድ ሰው ራሱን ሊከስ ስለማይችል፣ ሚስት በባሏ ጥፋት አካሏ ቢጎድል ካሣ ልትጠይቀው አትችልም ነበር። ይህ እገዳ በሕግ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እንግዲህ ካሣ መጠየቅ ካልተቻለ ኀላፊነት የለም፤ ኀላፊነት ከሌለ መድን አያስፈልግም፤ አመክንዮው ይኸው ነበር። በትውልድ አገሩ መሠረቱ የተናደበትን አንቀጽ እኛ በምን ምክንያት ተሸክመን እንኖራለን? የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐ ቤቴን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ እምነት ለዚህ ምድር ምን ያህል ባዕድ እንደ ሆነ ለመረዳት አይቸገርም። በርስት ሥርዓት ዘመን ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል የርስት ድርሻዋን ትጠይቅ ነበር፤ ባል ብታገባም በራሷ ስም ትሟገት ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሚስት ሀብቷ ተለይቶ ይታወቅ ነበር። የርስት ሥርዓት ራሱ ስንት ሙግትና ስንት ደም ያስከተለ እንደ ነበር አንዘነጋም፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ማብቃቱንም የሚቆጭ የለንም። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ዝምድና መብት ማግኛ ነበር። በዚህ አንቀጽ ዝምድና መብት ማጫ ሆኗል።

አሁን ደግሞ አንቀጹን ከደጋው የኢኮኖሚ ኑሮ ጋር እናገናዝበው። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ግሼ ራቤል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወይም የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ በሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ የሚመላለሰው የጭነት መኪና የማን ነው? ብዙውን ጊዜ የአንድ ከበርቴ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ነው። ታላቅ ወንድም የበግ ንግድ ትርፉን ያወጣል፤ ታናሹ የእቁብ እጣውን ይጨምራል፤ ዐረብ አገር ያለች እህት ገንዘብ ትልካለች፤ የጎደለው ከባንክ ይበደራል። ሊብሬው ግን በአንድ ሰው ስም ብቻ ይወጣል። መድን ገቢውም ያ ሰው ይሆናል። ስለዚህ መኪናውን በላባቸው የገዙት ሌሎቹ ወገኖች በሊብሬው ላይ ባለቤት አይደሉም፤ በመድን ውሉ ላይ ደግሞ «የቤተሰብ አባል» ተብለው ከተጎጂነት መብት ይገለላሉ። በአንዱ ወረቀት ባዕድ፣ በሌላው ወረቀት ዘመድ ይሆናሉ፤ በሁለቱም ግን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

የረዳቱ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ረዳት ሆኖ የሚሠራው ልጅ ብዙ ጊዜ የባለመኪናው የወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው። ከገጠር መጥቶ እነርሱው ቤት ያድራል፣ እነርሱው ቤት ይበላል፤ ደመወዝ የለውም፤ የሥራ ውል የለውም። የሞተር መድን ውሎች በሥራ ላይ እያለ የተጎዳን ሠራተኛም በተለመደው አሠራር ያገላሉ፤ ምክንያታቸውም ሠራተኛው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ያገኛል የሚል ነው። ለተቀጠረ ወዛደር ይህ ምክንያት ያስኬዳል። ይህ ልጅ ግን ሠራተኛ ነኝ ሲል «የቤተሰብ አባል ነህ» ይባላል፤ የቤተሰብ አባል ነኝ ሲል «እንግዲያው ከዋስትናው ውጭ ነህ» ይባላል። የበር መያዣ ጨብጦ በብርድና በጭጋግ ላይ ታች ሲል የሚውለው ወጣት በሁለት ሕጎች መካከል ባለው ክፍተት ይወድቃል። ስለ ወዛደሩ መብት የምንነጋገር ሰዎች፣ ደመወዝ የማይከፈለውን የቤተሰብ ጉልበት ከወዛደሩ ጎራ ውጭ አድርገን መቁጠር የለብንም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናክል። የደጋው ገበሬም ሆነ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሠራተኛ መድን ምን እንደ ሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ እድር አለው። እድር አባሉን ሲመዘግብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቤተሰቡ ነው። ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት እያለ በየዝምድናው ደረጃ የሚከፍለውን ይወስናል። ሕዝቡ በራሱ እጅ የሠራው መድን ከቤተሰብ ይነሣል፤ ከውጭ ተገልብጦ የመጣው መድን ቤተሰብን ከደጅ ያስቀራል። የቀበሌ ነዋሪ ሁሉ ሊያየው የሚገባው ቅራኔ እዚህ ላይ ነው።

መድን ሰጪዎች የሚያቀርቡትን መከራከሪያ ሳንሰማ ማለፍ ግን ከሀቅ መሸሽ ይሆናል። ዋነኛው የመመሳጠር ሥጋት ነው። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ተመካክረው ያልደረሰውን አደጋ ደርሷል፣ ያላጠፋውን አጥፍቷል ሊሉ ይችላሉ ይባላል። በአንድ ቤት ውስጥ የሚፈጸመውን ነገር ለማጣራት ከውጭ መርማሪ እንደሚከብድ አንክድም። ይሁን እንጂ የተሰበረ አጥንት በምክክር አይሰበርም። የሐኪም ማስረጃ አለ፤ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን አለ፤ ሆን ተብሎ ለደረሰ ጉዳት መድን ሰጪ እንደማይከፍል ሕጉ አስቀድሞ ደንግጓል። ደግሞስ የሚመሳጠር ሰው ከሚስቱ ጋር ብቻ ነው እንዴ የሚመሳጠረው? ከባልንጀራው፣ ከሥራ ጓደኛው፣ ከጎረቤቱ ጋር ሊመሳጠር አይችልም? ጎረቤት ሁሉ አታላይ ሊሆን ይችላል ተብሎ ጎረቤት ከዋስትና አልተገለለም። ጥቂት አታላዮችን ለመያዝ ሲባል የደኅና ሰዎች ልጆች በሙሉ በጥርጣሬ የሚቀጡበትን መንገድ መምረጥ መርማሪ ከመመደብ ስለሚረክስ እንጂ ከዚያ የተሻለ ፍትሐዊ ስለ ሆነ አይደለም።

ሌላው መከራከሪያ የኪስ መከራከሪያ ነው። ካሣው ለሚስት ቢከፈል ተመልሶ ጥፋት አድራሹ ቤት ይገባል፤ አንድ ሰው በራሱ ጥፋት ሊጠቀም አይገባም ይላሉ። እዚህ ላይ ሕጉን ብንጠይቀው በቂ መልስ ይሰጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ሰው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚሞት ድረስ የመብት ባለቤት መሆኑን ደንግጓል። የሕፃኗ እግር የአባቷ ኪስ አይደለም። የሕክምናው ወጪ፣ ከትምህርት የምትቀርበት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ የሚከተላት ማነከስ የእርሷ ነው፤ ካሣውም የእርሷ ነው። ንብረትን በተመለከተ ግን መከራከሪያው ክብደት እንዳለው እናምናለን። ባለመኪናው የራሱን ቤት አጥር ቢያፈርስ ወይም የሚስቱን እንስራ ቢሰብር ያንን ከሦስተኛ ወገን መድን ይከፈል ብለን አንሟገትም። ሙግታችን በሰው አካልና ሕይወት ላይ ነው።

የአገራችን ሕጎች በመሠረቱ ከተጎጂው ጋር የቆሙ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ሲል፣ መኪናውን ሌላ ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ ባለቤቱን አይለቅም። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ድንጋጌ ይዟል። መድን ሰጪው ካሣ ከከፈለ በኋላ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው ተክቶ የመክሰስ መብት አለው፤ ነገር ግን ጉዳቱን ያደረሱት የመድን ገቢው ወላጆች፣ ተወላጆች ወይም አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ከሆኑ፣ ሆን ብለው ካላደረጉት በቀር ሊከሳቸው አይችልም። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው። ቤተሰብ አንድ ማዕድ የሚቆርስ ስለ ሆነ መድኑ በቤተሰቡ ላይ ዞሮ መሣሪያ እንዳይሆን አስቧል። ታዲያ ቤተሰቡ ጉዳት ሲያደርስ የሚጠብቀው መንፈስ፣ ቤተሰቡ ጉዳት ሲደርስበት ለምን ይሰወራል?

የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። ይህ አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። ከዚያ በፊት መድን መግባት አለመግባት ለባለመኪናው ፈቃድ የተተወ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. 13 የግል መድን ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከተቋቋመም በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. የግል መድን ድርጅቶች እንደገና ከተፈቀዱም በኋላ እንዲሁ ነበር። የባለቤትነቱ መልክ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ እግረኛው ሁለቱንም ጊዜ ያለ ግዴታ ዋስትና ቆየ። ስለዚህ የ2000ው አዋጅ ትልቅ እርምጃ እንደ ነበር መመስከር ይገባል። በ2005ቱ አዋጅ ላይ ለሞት የተመለከተው ከፍተኛ ካሣ ብር 40,000፣ ለአስቸኳይ ሕክምና የተመለከተው ብር 2,000 ነበር። መጠኑ አነስተኛ መሆኑ ብዙ አነጋግሯል፤ እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን የመጠኑን ሳይሆን የበሩን ጉዳይ ነው። በሩ «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ነው።

ቃሉን በሒሳብ ዓይን ብናየው የሚያከራክር አልነበረም። ውሉን የሚዋዋሉት ሁለት ናቸው፤ መድን ሰጪና መድን ገቢ። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ሦስተኛ ነው። ሚስት ውሉ ላይ አልፈረመችም፤ ሕፃን ልጅ አልፈረመችም። ሦስተኞች ናቸው። ማግለያው አንቀጽ የሚያደርገው እነዚህን ሰዎች ከሦስተኛው ረድፍ አንሥቶ በመጀመሪያው ረድፍ፣ ከመድን ገቢው ጎን ማስቆም ነው፤ የመጀመሪያውን ረድፍ መብት ሳይሰጣቸው።

ከዚህም በላይ አዋጁ ያቋቋመውን የመድን ፈንድ እናስታውስ። አንድ መኪና ሰው ገጭቶ ቢያመልጥና ማንነቱ ባይታወቅ፣ ወይም መድን ሳይኖረው አደጋ ቢያደርስ፣ ተጎጂው ከፈንዱ እንዲካስ ተደርጓል። ፈንዱ የሚጠራቀመው መድን ሰጪዎች ከሚሰበስቡት አረቦን ላይ ከሚያዋጡት ገንዘብ ነው። በጎ ሕግ ነው። ግን ውጤቱን አስተውሉ። አረቦን ያልከፈለ፣ ገጭቶ የተሰወረ ሰው የጎዳው ተጎጂ ካሣ ያገኛል፤ አረቦን የከፈለ፣ የጎዳትን ልጅ ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰ አባት ግን ልጁ በማግለያ አንቀጽ ትመለሳለች። ሕጉ ለኮብላዩ ተጎጂ ካሰበ ለታማኙ ቤተሰብ ማሰብ ከአቅሙ በላይ ሊሆን አይችልም።

የውጭውን ዓለም ተሞክሮ የምናነሣው ለመኮረጅ አይደለም፤ አንቀጹን ከውጭ የወሰድን ስለ ሆነ ባለቤቶቹ ምን እንዳደረጉት ማወቅ ስለሚገባን ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1983 ባወጣው ሁለተኛው የሞተር መድን መመሪያ የመድን ገቢው፣ የአሽከርካሪው ወይም ኀላፊነት ያለበት ሌላ ሰው የቤተሰብ አባላት፣ ዘመድ በመሆናቸው ብቻ ለአካላቸው ጉዳት ከሚሰጠው ዋስትና እንዳይገለሉ አዘዘ። «በመሆናቸው ብቻ» የሚለውን ሐሳብ አስምሩበት። በአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ የቤተሰብ ማግለያው አንቀጽ የሕዝብን ጥቅም የሚፃረር ነው በማለት ዋጋ አሳጥቶታል። በሌሎች የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ግን አንቀጹ ጸንቶ ቆይቷል፤ መድን ሰጪዎች ኃይል ባላቸው ቦታ ሁሉ በቀላሉ አልለቀቁትም። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን እንዲህ ያለው ክርክር የጠበቆች ጨዋታ ይመስለን ነበር። የደጋውን መኪና ጋቢና ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ካየን በኋላ ግን አሳባችንን ለውጠናል።

የምንጠይቀው ረጅም ነገር አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው ሕግ ሲሻሻል፣ ዝምድና ወይም በአንድ ቤት መኖር ብቻውን ማንንም ከአካል ጉዳትና ከሞት ካሣ እንደማያስወጣ፣ ይህን የሚቃረን የውል ቃልም ፈራሽ እንደሆነ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ። ይህ አረቦኑን በጥቂቱ ከፍ የሚያደርገው ከሆነ ሒሳቡ በይፋ ይቅረብና ሕዝቡ ይወያይበት፤ ባለመኪናው ለልጁ የሚከፍለውን ጭማሪ የሚጠላ አይመስለንም።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ደግሞ ሥራው የእኛው የነዋሪዎቹና የሠራተኞቹ ነው። በየእድሩና በየነዋሪዎች ማኅበሩ መኪና ያላቸው አባላት ውላቸውን ይዘው ይምጡ። ብዙዎቹ ውሎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ወይም ተማሪ «ዋስትና የማይሰጥባቸው» የሚለውን ክፍል ጮክ ብሎ ያንብብ፤ «ቤተሰብ» እና «አብሮ የሚኖር» የሚሉት ቃላት ሲገኙ ይመዝገቡ። ከዚያ መድን ሰጪው ዘንድ ሄዶ ይህ አንቀጽ ለእኛ እንዲነሣ ምን ያህል እንክፈል፣ ለመኪናው ተሳፋሪዎችና ለረዳቱስ የተለየ የአካል ጉዳት ዋስትና ብንገዛ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በማኅተም ይጠየቅ። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት መድን መገባቱን እንጂ ለማን እንደ ተገባ አይናገርም፤ እርሱ የሚገኘው በሳጥን ውስጥ ተቆልፎ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ነው።